ካርቦን 14 የሚያውቀው ፍየሉ የሞተበትን ዘመን ነው

ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ ዘጌ የወረደ፣ ወይም ከደሴቶቹ በአንዱ ገዳም ዕቃ ቤቱ የተከፈተለት እንግዳ፣ ብራናው ሲገለጥለት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ዓመቱ ነው?» ጥያቄው አጭር ይምሰል እንጂ በውስጡ ቢያንስ አምስት ጥያቄ አለ። ቆዳው የተገፈፈው መቼ ነው? ጽሑፉ የተጻፈው መቼ ነው? ሥዕሉስ? የሽፋኑ ገበታና ድጉሱስ (በላዩ የተለበጠው ያጌጠ ቆዳ)? ድርሰቱ ራሱ መጀመሪያ የተደረሰው መቼ ነው? አምስቱም በአንድ ዓመት ውስጥ የሚገጥሙበት መጽሐፍ አለ፤ በመቶ ዓመታት የሚራራቁበትም አለ። ስለ ጥንታዊ ዕቃ ዕድሜ የሚነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣው የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ከመስጠት ነው። «በካርቦን ተረጋገጠ» የሚለው ዜና ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ የትኛው እንደተረጋገጠ አይናገርምና።

ከመለኪያዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ካርቦን 14 ነው፤ አሠራሩም ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ከላይኛው አየር ናይትሮጅን ጋር ሲጋጭ፣ ከተለመደው ካርቦን ጥቂት የሚከብድና የማይጸና አተም ይፈጠራል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ በአየር ካለው አንድ ትሪሊዮን የካርቦን አተም አንድ ቢገኝ ነው። ይህ አተም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በቅጠል ይሳባል፤ ቅጠሉን ፍየል ይበላዋል፤ ከዚያ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ፍየሉ በሕይወት እስካለ ድረስ የፈረሰው በአዲስ ይተካል። የታረደ ዕለት መተካቱ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ መጉደል ብቻ ነው። በ5,730 ዓመት ግማሹ ያልቃል፣ በሌላ 5,730 ዓመት የቀረው ይገመሳል፤ 50,000 ዓመት ገደማ ላይ ሲደርስ የሚለካ ነገር አይቀርም።

ስለዚህ መሣሪያው ስለ ጸሐፊው አንዳች ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ፍየሉ መብላት ያቆመበትን ዘመን ነው። በአገራችን ልማድ ብራና ፋቂው ቆዳውን ወጥሮ ፍቆ ካዘጋጀው በኋላ መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ይጻፍበታልና፣ ሁለቱ ዘመኖች ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ። «ብዙ ጊዜ» ማለት ግን «ሁልጊዜ» አይደለም።

ተቃራኒውን ለማየት የቪንላንድ ካርታ የሚባለውን ማስታወስ ይበቃል። ስካንዲኔቪያውያን ከኮሎምበስ በፊት ሰሜን አሜሪካን እንደሚያውቁ ያሳያል ተብሎ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ ብራና ነው። ቆዳው ሲለካ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ተገኘ፤ እውነተኛ አሮጌ ቆዳ ነው። ቀለሙ ግን በ1920ዎቹ አካባቢ በፋብሪካ መመረት የጀመረ የቲታኒየም ውሑድ ነበረበት። የዬል ዩኒቨርሲቲ ካርታው የተጭበረበረ መሆኑን በ2021 በይፋ ተናገረ። አጭበርባሪው ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ከአሮጌ ጥራዝ ያልተጻፈበት ቅጠል ወስዶ ጻፈበት። ብራናውን ብቻ የለካ ሰው ዛሬም «እውነተኛ ነው» ይል ነበር።

የእኛ አገር ምሳሌ የተገላቢጦሽ ነው። በዓድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ቀደም ሲል በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የ1100 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሥራ ይባሉ ነበር። ብራናቸው ሲለካ አንደኛው ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 እ.ኤ.አ. መካከል ሆኖ ወጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን እዚህም የተለካው ቆዳው ነው። ሥዕሉና ጽሑፉ የዚያው ዘመን መሆናቸውን ያጸናው የፊደሉ ቅርጽና የሥዕሉ አሣሣል ከሌሎች የዚያ ዘመን ሥራዎች ጋር መመሳከሩ ነው።

ጧፍ ያሳንሰዋል፣ ላምባ ያስረጀዋል

ለአንድ ልኬት የሚያስፈልገው ብራና 20 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር ባይበልጥ ነው። ድሮ ግራሞች ይጠየቁ ስለነበር ማንም ገዳም ባይፈቅድ አይፈረድበትም ነበር። ናሙናው የሚወሰደው ከኅዳግ ጠርዝ ወይም ቀድሞ ከተቀደደ ቦታ ነው፤ ፊደል ካለበት ፈጽሞ አይነካም። ገጹ ተጣጥፎ የተሰፋበት የውስጥ ጠርዝ የተሻለ ነው፤ የአንባቢ ጣት እዚያ አይደርስምና።

ጣት ለምን ይፈራል ለሚል፣ ሥሌቱ ይኸው። 600 ዓመት የሞላው ቆዳ ውስጥ ከመጀመሪያው ካርቦን 14 አሁንም 93 በመቶው አለ። የሚለካው 7 በመቶዋ ጉድለት ናትና ትንሽ ባዕድ ካርቦን ከገባ መልሱ ይናጋል። የሚናጋበት አቅጣጫ ደግሞ እንደ ባዕዱ ዓይነት ነው። የጧፍ ሰም ከንብ፣ የጣት ወዝ ከሰው የመጣ ነው፤ ሁለቱም የቅርብ ጊዜ ካርቦን ናቸው፤ መጽሐፉን ወጣት ያደርጉታል። ጉዳታቸው ግን የሚቻል ነው፤ ከናሙናው 5 በመቶው የቅርብ ጊዜ ሰም ቢሆን፣ የ600 ዓመቱ ብራና በ30 ዓመት ያህል ቢያንስ ነው።

ላምባ ግን ሌላ ነገር ነው። ነዳጅ ከመሬት የሚወጣው ሚሊዮን ዓመታት ቆይቶ ነውና ካርቦን 14 የሚባል በውስጡ የለም። የኩራዝ ጥላሸት፣ የፋብሪካ ሻማ ፓራፊን፣ ስኮች፣ የአናጢ ነጭ ኮላ፣ ሁሉም ከነዳጅ የተገኙ ናቸው። ከናሙናው 1 በመቶው ብቻ ከእነዚህ አንዱ ቢሆን መልሱ ወደ 80 ዓመት ያረጃል፤ 5 በመቶ ቢሆን ከ400 ዓመት በላይ። በቅንነት በኮላና በስኮች የተጠገነ ቅጠል የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን መጽሐፍ ወደ ዛግዌ ዘመን ሊወስደው ይችላል ማለት ነው። ላቦራቶሪዎች ናሙናውን ሰምና ቅባት በሚያሟሙ ፈሳሾች፣ ከዚያ በአሲድ፣ በአልካሊና እንደገና በአሲድ ያጥቡታል። ቆይቶ የደረቀ ኮላ ግን አንዳንዱ አይለቅም። ስለዚህ ገበዙ ወይም ዕቃ ቤት ጠባቂው «ይህ ገጽ ተጠግኖ ነበር» ብሎ የሚነግረው ቃል ከማሽኑ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ቆዳው የፍየል ይሁን የበግ ወይም የጥጃ ለማወቅ ግን መቁረጥ አያስፈልግም። የተለመደ ላጲስ በኅዳጉ ላይ ቀስ ተደርጎ ሲፋተግ፣ በፍርፋሪው ላይ የሚቀረው የቆዳ ፕሮቲን የእንስሳውን ዓይነት ይነግራል።

ጠፍጣፋው ዘመን

ከላቦራቶሪ የሚመጣው የመጀመሪያ ቁጥር የዘመን ቁጥር አይደለም። «ከዛሬ በፊት» ተብሎ ይጻፋል፤ «ዛሬ» የሚባለውም በስምምነት 1950 እ.ኤ.አ. ነው። ያንን ወደ ትክክለኛ ዘመን ለመመለስ የአየሩ ካርቦን 14 በየዘመኑ ስንት እንደነበር ማወቅ ግድ ይላል፤ ለዚህ ምስክር የሆኑት ዛፎች ናቸው። ዛፍ በየዓመቱ ቀለበት ያበጃል፤ የአንዱ ዕድሜ ሲያልቅ የሌላው እየተቀጠለ፣ ቀለበት በቀለበት እየተለካ ከ12,000 ዓመት በላይ የሚሄድ ሰንጠረዥ ተሠርቷል። ለሰሜኑና ለደቡቡ የምድር ክፍል ሰንጠረዡ ለየብቻ ነው። ጣና ከምድር ወገብ በስተሰሜን ቢሆንም የክረምቱ ዝናብ የደቡቡን አየር ይዞ ይመጣል፤ ተክል የሚያድገውም ያኔ ነው። ስለዚህ የትኛው ሰንጠረዥ ይሻላል የሚለው ለአካባቢያችን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ ግን ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ሰንጠረዡ ራሱ ቀጥ ያለ መስመር አለመሆኑ ነው። አንዳንድ ቦታ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በመቶ ዓመታት የሚራራቁ ነገሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ለኢትዮጵያ የሚጎዱን ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ከ800 እስከ 400 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። የየሓ ቤተ መቅደስ የሚወድቀው እዚያ ውስጥ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ፣ ላሊበላና ናጫቢየት በተባሉ ዋሻዎች (ላሊበላው የታወቀው ከተማ አይደለም) በተደረገ ቁፋሮ ገብስና ሽምብራ ተገኝተው ነበር፤ ዕድሜያቸው ወደ 2,500 ዓመት ተባለ። ያ ቁጥር በጠፍጣፋው መካከል ያረፈ ነው፤ ከእሱ የተነሣ «ገብስ በዚህ አካባቢ በዚህ ክፍለ ዘመን ተዘራ» ብሎ በክፍለ ዘመን ለይቶ መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው ለጣና ዳር ሰው የበለጠ ያሳዝናል፤ ከ1650 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። ለዚህ ዘመን ቆዳ የሚመጣው መልስ «ወይ በ1600ዎቹ መጨረሻ፣ ወይ በ1700ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ፣ ወይ በ1900ዎቹ» የሚል ነው። ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረ ወዲህ የተሠራው እጅግ ብዙው የጣና ቅርስ፣ ብራናውም የደጃፉ ሳንቃም፣ በዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን በካርቦን 14 ልለካ የሚል ሰው ጥቂት መቶ ዶላር ለአንድ ናሙና ከፍሎ ከመጣበት ዕውቀት በታች ያገኛል። ለጎንደር ዘመን ሥራ ገንዘቡ ለቀለም ምርመራ ቢውል ይሻላል።

ከ1955 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየሩ ያለውን ካርቦን 14 በ1960ዎቹ መጀመሪያ እጥፍ አደረሱት፤ ከዚያ ወዲህ የታረደ ፍየል በጥቂት ዓመታት ልዩነት ይለያል። በጥላሸትና በቡና ውኃ ተነክሮ «የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው» ተብሎ ለቱሪስት የሚሸጠው ብራና ከእዚህ አያመልጥም።

ጸሐፊው የተወው ቁጥር

ማሽን ከመጠራቱ በፊት መነበብ ያለበት የመጽሐፉ መጨረሻና ባዶ ገጾቹ ናቸው። ጸሐፊው ስሙን፣ ያስጻፈውን፣ ንጉሡንና ጳጳሱን ጠርቶ ዘመኑን ያስቀምጣል። ቁጥሩ ግን እንደ ዛሬው አይነበብም። በድሮ ጽሑፍ «ዓመተ ምሕረት» ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከ532 ዓመቱ ዐውድ፣ ማለትም በየ532 ዓመቱ እንደገና ከሚጀምረው የዘመን ዙር፣ መጀመሪያ ነው፤ አንዱ ዐውድ የጀመረው በዛሬው አቆጣጠራችን በ1341 ዓ.ም. (1348/49 እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ «በ፻ ዓመተ ምሕረት» የሚለው ጽሑፍ 1440 ዓ.ም. ነው፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን። ይህን ያላወቀ ሰው መጽሐፉን ከፍሬምናጦስ በፊት ሊያስቀምጠው ነው።

መፈተኛም አለ። የተገኘው ዓመት ላይ 5,500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል፣ ትርፉ 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ትርፍ ከሆነ ዮሐንስ ነው። 1440 ሲደመር 5,500፣ 6,940 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ትርፍ የለውም፤ ዘመነ ዮሐንስ። ጸሐፊው «በዘመነ ማርቆስ» ብሎ ከሆነ ወይ ዐውዱ ሌላ ነው፣ ወይ ቁጥሩ ሲገለበጥ ተሳስቷል፣ ወይ ጽሑፉ ከቀደመ መጽሐፍ እንዳለ የተቀዳ ነው። የመጨረሻው ያልተለመደ አይደለም፤ ገልባጭ የቀደመውን ጸሐፊ ማስታወሻ ሳይቀር ይገለብጣል።

የንጉሥ ስምም ይፋቃል። መጽሐፉ በስጦታ ወይም በሽያጭ እጅ ሲለውጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፋል። የኛ ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ ስለሆነ ርዝራዡ በኢንፍራሬድ ካሜራ አንዳንድ ጊዜ ይነበባል። ጥላሸት ካርቦን ቢሆንም ቀለሙን ራሱን በካርቦን 14 መለካት ግን አይመከርም፤ ከአንድ ገጽ የሚገኘው ጥላሸት ጥቂት ነው፣ ከቆዳው ለይቶ ማውጣትም አስቸጋሪ ነው።

ሥዕሉን በተመለከተ የቀለም ኬሚስትሪ ቁርጥ ያለ ነገር ይናገራል፤ ግን በአንድ ወገን ብቻ። የፕሩሺያ ሰማያዊ የተፈለሰፈው በ1700ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ነው፤ ሰው ሠራሽ አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ በ1828 እ.ኤ.አ. ነው። እነዚህ የተገኙበት ሥዕል ከዚያ ወዲህ ነው፤ ወይም ከዚያ ወዲህ ተነካክቷል። አለመገኘታቸው ግን ሥዕሉን ጥንታዊ አያደርገውም፤ ሠዓሊው ላይገዛው ይችላል። ከዚህ በተረፈ ፊደሉ ይመረመራል፤ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደው ትልልቁና ክቡ ጉልሕ ጽሕፈት ለሠለጠነ ዓይን ከሩቅ ይታወቃል። ግምቱ ግን ሃምሳም መቶም ዓመት ይሰፋል፤ ሽማግሌ ጸሐፊ በልጅነቱ የተማረውን እጅ ይዞ ይሞታልና።

መምሰል ዕድሜ አይደለም

የጣና ታንኳ በግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ከተሣሉት የደንገል ጀልባዎች ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ይህ ስለ ዕውቀቱ ጥንታዊነት ጥሩ መነሻ ነው፤ የታንኳው ዕድሜ ግን ወራት ነው፤ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ይበሰብሳል። ኖርዌያዊው ተጓዥ ቶር ሄየርዳል በ1970 እ.ኤ.አ. ከጣና በተወሰደ ደንገል በተሠራች ራ 2 በተባለች ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ደርሷል። ያሳየው በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር እንደሚቻል ነው። መቻልና መሆን የየቅል ናቸው፤ የቅርጽ መመሳሰልን እንደ ማስረጃ የሚያቀርብ ጽሑፍ ሲያጋጥም በዚህ ሚዛን ማየት ነው።

ደንገል በሌላ በኩል ለካርቦን 14 ምርጥ ናሙና ነው። ሥሩ በውኃ ቢሆንም ቅጠሉ ካርቦን የሚወስደው ከአየር ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው። የዓሣ አጥንትና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ግን ከውኃው ካርቦን ይወስዳሉ፤ የሐይቅ ውኃ ደግሞ ከድንጋይና ከደለል አሮጌ ካርቦን ሊይዝ ይችላልና ከእውነታው በላይ ሊያስረጁ ይችላሉ። እንጨትም ያታልላል። 300 ዓመት የቆየ ጥድ ሲቆረጥ፣ የመሐል እምብርቱ የሚሰጠው ዘመን ከቅርፊቱ ጠርዝ በ300 ዓመት ይቀድማል። ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ የአሮጌው ምሰሶ ለአዲሱ ይውላል፤ ያ ሌላ መቶ ዓመት ይጨምርበታል። ናሙና ከቅርፊቱ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ቀለበት ካልተወሰደ ልኬቱ ዛፉ ወጣት የነበረበትን ይናገራል።

ሸክላ ካርቦን ሳያስፈልገው በሌላ መንገድ ይለካል። የሸክላው ጭቃ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች በዙሪያቸው ካለው አፈር የሚመጣ ጨረር ያጠራቅማሉ፤ እሳት ሲነካቸው ያራግፉታል። ላቦራቶሪው እንደገና አግሎ የተጠራቀመውን ብርሃን ይለካል፤ የሚያገኘው ሸክላው ለመጨረሻ ጊዜ የጋለበትን ዘመን ነው፤ ስሕተቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ቤት ተቃጥሎበት የነበረ እንስራ የቃጠሎውን ዘመን ሊናገር ይችላል። አፈሩ አብሮ ካልመጣ ደግሞ በዓመት ስንት ጨረር ይወርድበት እንደነበር አይታወቅምና ሥሌቱ ይሰናከላል። የተገኘበት ቦታ የማይታወቅ፣ ታጥቦ የተወለወለ እንስራ ውብ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ምስክርነቱ ግን አብዛኛው ከቆሻሻው ጋር ወርዷል።

ጉድጓድ ሲቆፈር ዕቃ ቢወጣ

ለቡና ችግኝ፣ ለመጸዳጃ ወይም ለቤት መሠረት ሲቆፈር የሸክላ ስብርባሪ፣ የድንጋይ መሣሪያ ወይም የከሰል ንጣፍ ማግኘት በጣና ዙሪያ እንግዳ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ቁፋሮውን ማቆም፤ ዕቃው ባለበት ሳለ እስክሪብቶ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጦ ፎቶ ማንሣት፤ ከመሬቱ ወለል እስከ ዕቃው ያለውን ጥልቀት መለካት። የአፈሩ ቀለም በንጣፍ የሚለያይ ከሆነ ዕቃው በየትኛው ንጣፍ እንደነበረ መጻፍ፤ ይህ ማስታወሻ ከዕቃው እኩል ይፈለጋል።

ማጠብ፣ በኮላ መለጠፍ፣ በቫዝሊን ወይም በዘይት ማሸት አይገባም። ከሰል ከሆነ በእጅ ሳይነካ በንጹሕ ቢላዋ ጫፍ ተነሥቶ በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላል፤ ጥጥ፣ ጨርቅና ጋዜጣ ራሳቸው ካርቦን ስለሆኑ አብረው መግባት የለባቸውም። ስሙና ቀኑ የሚጻፈው በፎይሉ ውጭ ነው። እርጥብ ከሆነ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ በፌስታል ታሽጎ የተቀመጠ እርጥብ ከሰል ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታው ደግሞ የዛሬ ካርቦን ነው። ሸክላ ከሆነ ከዙሪያው፣ ከአንድ ስንዝር ተኩል ርቀት ውስጥ፣ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር ለብቻው ይያዛል።

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት መነገር አለበት፤ ከአገር ማውጣትም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ለቀበሌ ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሲነገር ፎቶውን፣ ጥልቀቱንና የአፈሩን ማስታወሻ ይዞ መሄድ ነው፤ ዕቃው ከቦታው ባይነሣ ይመረጣል። ሰው እስኪመጣ ጉድጓዱን ዝናብ እንዳይሞላው በቆርቆሮ መሸፈን፣ በዙሪያውም የውኃ መውረጃ መቅደድ።